ለተራበ ሕፃን እህል ብቻ ይበቃዋልን?

ቋንቋችን ለአንጀት ከፍ ያለ ስፍራ ሰጥቶታል። ስናዝን አንጀታችን ይላወሳል፤ ደስ ሲለን አንጀታችን ይርሳል፤ ደኻ እናት አንጀቷን አስራ ልጇን ታሳድጋለች። በአንጀት ውስጥ ስለሚኖሩት ነፍሳት መናገር ግን ነውር ይመስለናል። እኛ የሥነ ጽሑፍና የታሪክ ተማሪዎች ስለ ሰገራና ስለ ባክቴሪያ ለመጻፍ መነሣታችን አንዳንድ ጓደኞቻችንን ያስቃቸው ይሆናል። ይሣቁ፤ ነገር ግን እስከ መጨረሻው ያንብቡልን።

በመካከላችን የረሃብ ነገር በተነሣ ቁጥር «ረሃብ እህል እንጂ ጥናት አይፈልግም» የሚል ድምፅ ይሰማል። አነጋገሩ ልብ ይነካል። የሚበላው ያጣ ሰው ዛሬውኑ መብላት እንዳለበት ማንም አይክድም። ይሁን እንጂ ነገሩ ግማሽ እውነት ነው፤ በግማሽ እውነት የሚጎዱት ደግሞ ስለ ራሳቸው ሊከራከሩ የማይችሉ ሕፃናት ናቸው።

ለዚህ ማስረጃ የሚሆነንን ከአንድ ሐኪም ሥራ እንውሰድ። ፕሮፌሰር ጄፍሪ ጎርደን በአሜሪካ፣ በሴንት ሉዊስ ከተማ፣ በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ስለ አንጀት ባክቴሪያ ሲመራመሩ የኖሩ ሐኪም ናቸው። እሳቸውና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጡት ጥናት በማላዊ 317 ጥንድ መንትዮችን እስከ ሦስት ዓመት ዕድሜያቸው ተከታተሉ። ከአንድ ማኅፀን ወጥተው፣ በአንድ ጎጆ አድገው፣ ከአንድ ማዕድ እየበሉ አንደኛው ደኅና ሲሆን ሌላው በምግብ እጥረት የሚታመምበት ጊዜ ብዙ ነበር። ማዕዱ አንድ ከሆነ ልዩነቱ ከወዴት መጣ?

ተመራማሪዎቹ ከመንትዮቹ ሰገራ የተገኙትን ባክቴሪያዎች፣ ከተወለዱ ጀምሮ ምንም ባክቴሪያ በሌለበት ስፍራ ላደጉ አይጦች ሰጡ፤ የማላዊን የበቆሎ ምግብም አበሏቸው። ከታመመው ሕፃን ባክቴሪያ የተቀበሉት አይጦች ክፉኛ ሲከሱ ከጤነኛው የተቀበሉት ግን እንዲያ አልሆኑም። ያው የታመመው ሕፃን ባክቴሪያ ከደኅና ምግብ ጋር ሲሆን ያን ያህል ጉዳት አላደረሰም። እንግዲህ ጥፋቱ የመጣው ደካማ ምግብና የተበላሸ የባክቴሪያ ማኅበር በአንድ አንጀት ሲገናኙ ነው።

ሥራው ከዚያ ወደ ባንግላዴሽ ዋና ከተማ ወደ ዳካ ይወስደናል። በዚያ እ.ኤ.አ. በ1960 የኮሌራ ላቦራቶሪ ሆኖ የተቋቋመ፣ ዛሬ ዓለም የሚያውቀው የተቅማጥ በሽታዎች ምርምር ማዕከል አለ። የጎርደን ቡድን ከማዕከሉ ሐኪሞች ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2014 ሁለት ነገሮችን አሳየ። አንደኛው፣ የተራቡ ሕፃናት የአንጀት ባክቴሪያ ከዕድሜያቸው ወደ ኋላ የቀረ መሆኑን ነው፤ የሕክምና ምግብ ሲሰጣቸው ጥቂት ተሻሽሎ መልሶ ወደ ኋላ ቀረ። ሁለተኛው፣ ኮሌራ አንጀታቸውን ጠርጎ የሄደባቸው ሰዎች ሲያገግሙ ባክቴሪያዎቹ የሚመለሱበት ተራ የጨቅላ ሕፃን አንጀት ከሚሞላበት ተራ ጋር መመሳሰሉ ነው። ከሚመለሱት አንዱ፣ ሩሚኖኮከስ ኦቢየም የተባለው፣ በአይጦች ላይ ሲሞከር የኮሌራን ተሕዋስ እንዳይበዛ ገታው። ገበሬዎቻችን ጦም ያደረ ማሳ አረም እንደሚወርሰው ያውቃሉ፤ የአንጀትም ነገር እንዲሁ ነው።

ታዲያ ይህ ሁሉ ለተራበው ሕፃን ምን ጠቀመው? እ.ኤ.አ. በ2021 ጎርደንና የዳካው ሐኪም ታህሚድ አህመድ ከባልደረቦቻቸው ጋር የአንድ ሙከራ ውጤት አወጡ። በዳካ የድኾች ሰፈር የሚኖሩ፣ ከ12 እስከ 18 ወር የሆናቸው 123 ሕፃናት በሁለት ተከፍለው ለሦስት ወር ተመገቡ። አንደኛው ወገን የተለመደውን ከሩዝና ከምስር የተዘጋጀ ምግብ፣ ሌላው የሚጠቅሙትን ባክቴሪያዎች እንዲቀልብ ታስቦ ከሽምብራ፣ ከአኩሪ አተር፣ ከለውዝና ካልበሰለ ሙዝ የተሠራ ምግብ በላ። ሁለተኛው ምግብ ካሎሪው አነስ ያለ ሲሆን፣ የበሉት ሕፃናት ግን ክብደታቸው ከቁመታቸው ጋር ሲነጻጸር ቶሎ ቶሎ ጨመረ። በእርግጥ ሙከራው አነስተኛ፣ ከተማውም አንድ ብቻ ነበር፤ ተአምር ተሠራ አንልም። ነገር ግን የእህሉን ዓይነት የመረጠው «አይፈለግም» የተባለው ጥናት መሆኑን ልብ ይሏል።

«ንጹሕ ውሃና መጸዳጃ ቤት ከሁሉ ይቅደም» የሚሉንም አሉ። ይህን እኛም እንሻለን፤ በየወሩ የሚመላለስ ተቅማጥ ምግብ የገነባውን ያፈርሳልና። ሆኖም ይህም ቢሆን በግምት የሚያዝ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 በወጡ ሰፊ ጥናቶች በባንግላዴሽና በኬንያ ለየቤተሰቡ የተደረገው የውሃ፣ የመጸዳጃና የእጅ መታጠብ እርዳታ ብቻውን የሕፃናቱን ቁመት አልጨመረም። ይህን ያወቅነው የዘመድ ምክር የመሰለውን ነገር ደፍረው የመዘኑ ሰዎች ስለነበሩ ነው።

በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2019 በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉት ሕፃናት ከመቶው 37 የቀነጨሩ ነበሩ። ሽምብራው በደጋችን ይበቅላል፤ ለውዙ ከሐረርጌ፣ ሙዙ ከአርባ ምንጭ ይመጣል። ይሁንና የዳካን ምግብ አምጥቶ እንደ መድኃኒት መበተን ሌላ ግማሽ እውነት ይሆናል። የእኛ ሕፃናት የሚበሉት ሌላ፣ የሚኖሩበትም ምድር ሌላ ነው፤ ስለዚህ እዚሁ ተመርምሮ እዚሁ መፈተን አለበት።

ይህ የሕክምና ፋኩልቲ ጉዳይ ብቻ ነው የሚል ቢኖር አንድ ነገር እንጠይቀው። ሐኪሙ የሕፃኑን ሰገራ በየወሩ እንድትሰጠው እናቲቱን በምን ቃል ይለምናታል? ነውር ነው ብላ ብታፍር፣ ወይም ለክፉ ሥራ የሚወሰድ መስሏት ብትፈራ፣ በሚገባትና በሚያስከብራት ቋንቋ ማን ያስረዳታል? የዳካው ጥናት ልጆቻቸውን አምነው ያመጡ እናቶች ባይኖሩ ኖሮ አንዲት ገጽ እንኳ አይሞላም ነበር። ቋንቋና የሕዝብ ልማድ ተምረናል የምንል እኛ ነን፤ የማስረዳቱ ዕዳ የእኛ ነው። እንግዲህ የሕክምና ፋኩልቲ ወንድሞቻችንና እህቶቻችን ሆይ፣ ይህን የመሰለ ጥናት ስታቅዱ በራችንን አንኳኩ፤ እኛም ሳትጠሩን ብንመጣ አትመልሱን።