የአንድ ዓመት ትርፍ አያታልለን

በሶዶ ገበያ ላም የሚገዛ ሰው ዋጋዋን ብቻ ጠይቆ ገንዘቡን አይቆጥርም። ስንት ጊዜ እንደ ወለደች፥ በክረምትና በበጋ ምን ያህል እንደምትታለብ ደጋግሞ ይጠይቃል። በዚህ ዕውቀት ወላጆቻችንን የሚበልጣቸው የለም። ነገር ግን ያው ሰው አክሲዮን ሲገዛ «ዘንድሮ ብዙ አተረፈ» የሚለውን ወሬ ብቻ ሰምቶ ጥሪቱን ሊያወጣ ይችላል። ውድ ጓደኞቼ፥ እኔን ያሳሰበኝ ይህ ነው።

አክሲዮን የአዲስ አበባ ሰው ጉዳይ ብቻ መሆኑ ቀርቷል። ጥቅምት 6 ቀን 2017 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም ከድርሻው 10 በመቶውን ለሕዝብ ሲያቀርብ የሶዶም የአረካም የቦዲቲም ሰው በስልኩ በቴሌብር ለመግዛት ይችል ነበር። ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋይ ገበያ ተከፈተ፤ በመጀመሪያም ወጋገን ባንክ ተመዘገበበት።

ዋጋውን ከትርፉ ጋር የምናመዛዝንበት ሒሳብ ቀላል ነው። ኢትዮ ቴሌኮም ያቀረበው 100 ሚሊዮን አክሲዮን ሲሆን የአንዱ ዋጋ 300 ብር ነበር። ይህ ከጠቅላላው አንድ አሥረኛ ስለ ሆነ ጠቅላላው 1 ቢሊዮን ነው። የ2016 በጀት ዓመት ትርፉ ወደ 22 ቢሊዮን ብር ስለሚጠጋ ለአንዱ አክሲዮን 22 ብር ያህል ይደርሳል። 300 ለ22 ሲካፈል 14 ግድም ይሆናል። ይኸውም ትርፉ ሳይጨምርና ሳይቀንስ ቢቆይ፥ የዋጋውን ያህል ለማትረፍ 14 ዓመት ያህል ይፈጃል ማለት ነው። ትርፉም ሁሉ ለባለ አክሲዮን አይከፋፈልም።

ሆኖም የአንድ ዓመት ቁጥር ብቻውን ያሳስታል። ለምሳሌ የ200 ብር አክሲዮን ዘንድሮ 20 ብር ቢያተርፍ ቁጥሩ 10 ነው፤ ርካሽ ይመስላል። ነገር ግን ኩባንያው በየዓመቱ 8 ብር ብቻ ሲያተርፍ ኖሮ ዘንድሮ ሕንፃ ሸጦ ከሆነ፥ ያ ትርፍ ለከርሞ አይደገምም፤ እውነተኛው ቁጥር 25 ነው። እንዲሁም አንድ ክፉ ዓመት ደኅናውን ኩባንያ ውድ ሊያስመስለው ይችላል። የኑሮ ውድነት ባለበት አገርም ሥራው ሳይስፋፋ የትርፉ ብር ብቻ ሊበዛ ይችላል። ስለዚህ ነው አሜሪካውያኑ ቤንጃሚን ግሬየምና ዴቪድ ዶድ በ1934 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ ከአምስት ዓመት ያላነሰ፥ ይልቁንም የሰባት ወይም የአሥር ዓመት ትርፍ አማካይ እንዲታይ የመከሩት።

ገበያው ገና አዲስ ነው፥ የብዙ ዓመት ዋጋ ከየት ይገኛል የሚል ይኖር ይሆናል። እውነት ነው፤ ይሁን እንጂ ባንኮቻችን በየዓመቱ ሪፖርት ስለሚያወጡ የትርፋቸውን ታሪክ ማግኘት ይቻላል።

መምህሮቻችን ሆይ፥ በሒሳብ ክፍለ ጊዜ የአንድ ባንክ የአምስት ዓመት ሪፖርት ይዘን ብንለማመድ ምን ይከፋል? ወላጆቻችንም በሬ ሸጠው አክሲዮን ከመግዛታቸው በፊት «እስቲ አስላልኝ» ብለው ልጆቻቸውን ይጠይቁ። የሚወጣው ገንዘብ የታናናሾቻችን መማሪያ ነውና።