ቆጣሪውም ከፋዩም አሠሪው!

ለመሆኑ ጎበዝ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ከባሕር ዛፍ ርብራብ ላይ ወድቆ የሚሞተውን የቀን ሠራተኛ የሚቆጥረው ማነው? የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መልስ አለው፦ አሠሪው! የሥራ ላይ አደጋን መዝግቦ ለሥራ ሁኔታ ቁጥጥር የሚያሳውቀው እሱ ነው። መድን ካልገባ ደግሞ ካሳውንም የሚከፍለው እሱው ነው። ከራስ በላይ ነፋስ በሚባልበት አገር፣ ሰውዬው ዕዳውን በገዛ እጁ ይጽፋል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው።

የቤት ሠራተኛዋማ ጭራሽ አዋጁ ውስጥ የለችም። የፈላ ዘይት ቢያቃጥላት ማን ይመዘግባታል?

እንዲህ ተለቅሞ የሚደመር ቁጥር ቢያንስ ምን ይገርማል? አነሰ ማለት ግን አደጋው ቀነሰ ማለት አይደለም፤ ተደበቀ ማለትም ሊሆን ይችላል።

አሜሪካኖቹ ከ1992 እ.ኤ.አ. ወዲህ በሥራ ላይ የሚሞተውን በመላ አገሪቱ ሲቆጥሩ በአሠሪው ቃል ብቻ አያምኑም። የሞት ምስክር ወረቀቱን፣ የካሳ መዝገቡን፣ የጋዜጣውን ዜና ሳይቀር ያመሳክራሉ። እኛስ? ሆስፒታል አለን፣ ፖሊስ አለን፣ መድን ድርጅት አለን። መዝገባቸውን ማገናኘት ምን ይከብዳል? ወይስ የድሃ ሬሳ ቁጥር አይገባውም?