ለኢንሱሊን ዋጋ የሚበጀው ጣሪያ ዕድሜ አይቁጠር

ዛሬ የማነሣው ጉዳይ በዋሺንግተን የሕግ አውጪዎች አዳራሽ ውስጥ ለዓመታት ሲንከባለል የኖረ ነው። በግል የጤና ኢንሹራንስ ሥር ያለ ሰው ለኢንሱሊን በወር ከ35 ዶላር በላይ ከኪሱ እንዳይከፍል የፌዴራል ሕግ ይውጣ ወይስ አይውጣ? ለሁሉም ማድረስ ካልተቻለ ቢያንስ ለወጣቶች ይሁን የሚል ሐሳብም አለ። አቋሜን ከወዲሁ ልግለጽ፦ የዋጋ ጣሪያው ሊበጅ ይገባል፤ ዕድሜ የሚቆጥር ጣሪያ ግን ዝናቡ በሚበረታበት ሰዓት የሚነሣ ጣሪያ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኢንሱሊን እንደ ሌላው ሸቀጥ ሲወደድ የሚተዉት፣ ሲረክስ የሚገዙት ነገር አይደለም። ዓይነት አንድ የስኳር በሽታ ያለበት ሰው ሰውነቱ ኢንሱሊን አያመርትም፤ መርፌው ከተቋረጠበት በጥቂት ቀናት ውስጥ ደሙ አሲዳማ እየሆነ ወደ ሞት ያመራል። በሽታው ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው በልጅነትና በወጣትነት ነው። በጃንዋሪ 1922 በቶሮንቶ ለመጀመሪያ ጊዜ ኢንሱሊን የተወጋው ታካሚ የ14 ዓመት ልጅ ነበር። ባንቲንግ፣ ቤስትና ኮሊፕ የተባሉት ተመራማሪዎች የፈጠራ መብታቸውን ለቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ያስተላለፉት እያንዳንዳቸው በ1 ዶላር ነበር። ይህ ሁሉ የተደረገው መድኃኒቱ የአንድ ነጋዴ ርስት እንዳይሆን ነው። ነገር ግን ሁማሎግ የተባለው ኢንሱሊን በ1996 ለገበያ ሲቀርብ 21 ዶላር ገደማ ይሸጥ የነበረው አንድ ብልቃጥ፣ በ2017 ዋጋው ወደ 275 ዶላር ደርሶ ነበር። በብልቃጡ ውስጥ ያለው መድኃኒት ግን ያው ነበር። «ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆሞ ለማውረድ ይቸግራል» የሚለው የአባቶች አባባል የተነገረው ለዚህ ይመስላል።

«ኢንሹራንስ ያለው ሰው ታዲያ ምን አስጨነቀው?» የሚል አንባቢ ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ የነገሩ ቁልፍም ያለው እዚሁ ላይ ነው። አብዛኞቹ የግል ኢንሹራንሶች መክፈል የሚጀምሩት ታካሚው በየዓመቱ የተወሰነ ገንዘብ ከኪሱ ካወጣ በኋላ ነው፤ ይህን ዲዳክቲብል ይሉታል። ዲዳክቲብሉ ብዙ ሺህ ዶላር የሆነበት ሰው፣ አዲሱ የኢንሹራንስ ዓመት በገባ ቁጥር ካርዱን በኪሱ ይዞ የመድኃኒቱን ሙሉ ዋጋ ይከፍላል። በየወሩ መዋጮውን ሳያጓድል የከፈለበት ካርድ በሚያስፈልገው ሰዓት «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ይሆንበታል።

የፌዴራሉ መንግሥት ይህን ችግር ለአረጋውያን ፈትቶታል። በኦገስት 2022 የጸደቀው ሕግ በሜዲኬር ሥር ያለ ሰው ለኢንሱሊን በወር ከ35 ዶላር በላይ እንዳይከፍል ደነገገ፤ ከጃንዋሪ 2023 ጀምሮም ሥራ ላይ ዋለ። በዚያው ሕግ ውስጥ ለግል ኢንሹራንስም ተመሳሳይ ጣሪያ የሚያበጅ አንቀጽ ነበር። የሴኔቱ የሥነ ሥርዓት አማካሪ ግን አንቀጹ በበጀት ሕግ ውስጥ ሊካተት አይችልም ብላ ስለወሰነች፣ እንዲቆይ 60 ድምፅ አስፈለገው። ውጤቱ 57 ለ 43 ሆነ። ሰባት ሪፐብሊካን ሴናተሮች ከዴሞክራቶቹ ጋር ቢቆሙም ሦስት ድምፅ ጎደለ። በዚያው ዓመት ማርች ወር ላይ የተወካዮች ምክር ቤት ለብቻው ያጸደቀው ረቂቅም በሴኔቱ ዘንድ ተዳፍኖ ቀረ። በ2023 ከሁለቱም ፓርቲዎች የተውጣጡ ሴናተሮች፣ ሻሂንና ኮሊንስ በአንድ ወገን፣ ዋርኖክና ኬኔዲ በሌላ ወገን፣ የየራሳቸውን ረቂቅ አቀረቡ፤ ሁለቱም ሕግ ሳይሆኑ ያ የምክር ቤት ዘመን አለቀ። እንግዲህ የ70 ዓመቱ አያት የተጠለለበትን ጣሪያ የ20 ዓመት የልጅ ልጁ ሊጠለልበት አልቻለም።

ክፍለ ግዛቶች በበኩላቸው ዝም አላሉም። ኮሎራዶ በ2019 የመጀመሪያዋ ሆና ጣሪያ ካበጀች ወዲህ ከ20 የሚበልጡ ክፍለ ግዛቶች ተከትለዋታል። በርካታ ወገኖቻችን በሚኖሩባት ሜሪላንድ ጣሪያው በወር 30 ዶላር ነው፤ በቨርጂኒያ ደግሞ 50 ዶላር። ይሁን እንጂ ትላልቅ ድርጅቶች አብዛኛውን ጊዜ ኢንሹራንስ ከኩባንያ አይገዙም፤ የሠራተኞቻቸውን የሕክምና ወጪ ራሳቸው እየሸፈኑ ኩባንያውን የሚቀጥሩት ወረቀቱን እንዲያስተዳድርላቸው ነው። በ1974 የወጣው ኤሪሳ የተባለ የፌዴራል ሕግ እንዲህ ያሉትን ዕቅዶች ከክፍለ ግዛት ሕግ ውጭ አድርጓቸዋል። በሥራቸው በኩል ኢንሹራንስ ካላቸው ሠራተኞች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በዚህ ዓይነት ዕቅድ ሥር ናቸው።

በሲልቨር ስፕሪንግ ጎን ለጎን የሚኖሩ ሁለት የአበሻ ቤተሰቦችን እናስብ። የሁለቱም ልጆች ዓይነት አንድ የስኳር በሽታ አለባቸው። የአንደኛው ልጅ አባት የሚሠራበት ድርጅት ኢንሹራንሱን ከኩባንያ ስለሚገዛ የሜሪላንድ ሕግ ይጠብቀዋል። የጎረቤቱ እናት የምትሠራበት ትልቅ ድርጅት ወጪውን ራሱ ስለሚሸፍን ሕጉ ልጇን አይነካውም። በሽታው አንድ፣ መንደሩ አንድ፣ መድኃኒት ቤቱ አንድ፤ ሒሳቡ ግን ሁለት ነው። ይህን ልዩነት ማስተካከል የሚችለው የፌዴራሉ ምክር ቤት ብቻ ነው።

ተቃዋሚዎች ሦስት ክርክር ያቀርባሉ፤ ሦስቱም መልስ ይገባቸዋል።

አንደኛው፣ ጣሪያው የሁሉንም ወርኃዊ መዋጮ ያስወድዳል የሚል ነው። ጥቂት ሊጨምር ይችል ይሆናል፤ ኢንሹራንስ ግን የጥቂቶችን ሸክም ለብዙዎች ማካፈል ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? እድር የሚያውቅ ሕዝብ ይህን ለመረዳት ሊቅ መሆን አያስፈልገውም። የትኛውም እድር ለሐዘንተኛ «መጀመሪያ ድንኳኑን በራስህ ገንዘብ ትከል፣ እኛ ከዚያ በኋላ እንመጣለን» አይልም። በዚያም ላይ ኢንሱሊን ቆጥቦ ራሱን ስቶ ሆስፒታል የሚገባው ወጣት ወጪ በመጨረሻ ያረፈው በዚያው የጋራ ሣጥን ላይ ነው።

ሁለተኛው፣ አምራቾቹ ራሳቸው ስለቀነሱ ሕግ አያስፈልግም የሚል ነው። እውነት ነው፤ ኢላይ ሊሊ፣ ኖቮ ኖርዲስክና ሳኖፊ በማርች 2023 የዋና ዋና ኢንሱሊኖቻቸውን ዋጋ ከ65 በመቶ ባላነሰ እንደሚቀንሱ አስታውቀዋል። ነገር ግን በ2021 የወጣ ሕግ፣ ከጃንዋሪ 2024 ጀምሮ ለሜዲኬይድ የሚመልሱት ገንዘብ ከመድኃኒቱ ዋጋ ሊበልጥ የሚችልበትን በር ከፍቶባቸው ነበር። ዋጋውን ያወረደው ርኅራኄ ብቻ ሳይሆን የሕግ ግፊትም ነው። በፈቃድ የተሰጠ በፈቃድ ይወሰዳል፤ ኖቮ ኖርዲስክ ሌቨሚር የተባለውን ኢንሱሊን በ2024 ከአሜሪካ ገበያ ሲያስወጣ ታካሚዎች መድኃኒት ከመለወጥ በቀር ምርጫ አልነበራቸውም።

ሦስተኛው ከሁሉ የጠነከረው ነው፦ ጣሪያው ዋጋውን ይሸፍነዋል እንጂ አይቀንሰውም። ይህን እቀበላለሁ። በአምራቹና በታካሚው መካከል ያሉት የመድኃኒት ደላሎች ጉዳይም ገና አላለቀም፤ የፌዴራሉ የንግድ ኮሚሽን በሴፕቴምበር 2024 ሦስቱን ታላላቅ ደላሎች በኢንሱሊን ዋጋ ምክንያት ከሷቸዋል። ካሊፎርኒያ ሁለቱንም መንገድ ይዛለች፤ በአንድ በኩል 35 ዶላር ጣሪያ ደንግጋ፣ በሌላ በኩል ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ በራሷ ስም አምስት የኢንሱሊን እስክሪብቶ በ55 ዶላር እንዲሸጥ አድርጋለች። ሁለተኛው ሥራ ጊዜ ይወስዳል ማለት ግን የመጀመሪያው ይቅር ማለት አይደለም። ቤቱ እስኪጠገን ልጁ ዝናብ ይምታው የሚል ወላጅ የለም።

አሁን ወደ ዕድሜው ልመለስ። በ2010 የወጣው የጤና ሕግ ልጆች 26 ዓመት እስኪሞላቸው በወላጆቻቸው ኢንሹራንስ እንዲቆዩ ይፈቅዳል። አሌክ ስሚዝ የተባለ የሚኒሶታ ወጣት በ2017 ዕድሜው 26 ሞላና ከእናቱ ኢንሹራንስ ወጣ። የምግብ ቤት ሥራ አስኪያጅ ነበር። ለኢንሱሊኑና ለመሣሪያዎቹ በወር 1,300 ዶላር ገደማ ተጠየቀ፤ ስላልቻለ ያለችውን እየቆጠበ ተጠቀመ፤ ኢንሹራንሱ ከተቋረጠ አንድ ወር ሳይሞላው ሞተ። ሚኒሶታ በ2020 ያወጣችው የአስቸኳይ ኢንሱሊን ሕግ በስሙ ተሰይሟል። ለወጣቶች ብቻ የሚበጅ ጣሪያ ይህ ወጣት ከወደቀበት ገደል አፋፍ ላይ የሚያበቃ ነው። ሥራ ገና ያልጸናለትን፣ ደመወዙ ገና ያላደገለትን ሰው እስከ ገደሉ ሸኝቶ ይመለሳል። ኢንሹራንስ የሌለውን ደግሞ ጨርሶ አይሸኘውም።

የወጣቶቹ ረቂቅ ለድምፅ ቢቀርብ «ይጽደቅ» ከሚሉት ወገን ነኝ፤ አንድም ልጅ ቢሆን መርፌውን እንዲያገኝ የሚያደርግ ሕግ አይናቅም። የምቃወመው ይህን የመጨረሻ ድል አድርጎ አጨብጭቦ መበተንን ነው። በአሜሪካ ዜግነት ይዛችሁ የምትመርጡ ወገኖቼ ተወካያችሁን የምትጠይቁት ጥያቄ አጭር ይሁን፦ ጣሪያው በድርጅቶች በሚሸፈኑ ዕቅዶች ላይም ይሠራል ወይ? ልጄ 26 ዓመት ከአንድ ቀን ሲሆነውስ? ለሁለቱም «አዎን፣ ይጠበቃል» የሚል መልስ እስኪገኝ ድረስ የሴኔቱ ሦስት ድምፅ እንደጎደለ ነው።

ቸር እንሰንብት።