ልጅ ያቦካው ለእራት ይብቃ

አንባቢ ሆይ፤ አበው ትተውልን ከሄዱት ብሂል መካከል በወንዶች ልጆቻችን ላይ የከፋ በደል የሠራውን ምረጥ ብባል ብዙ አልቸገርም፤ «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» የሚለው ነው። ብሂሉ የሚናገረው ስለ ሊጥ ብቻ አይደለም። ልጅ የሠራው ለሰው አይተርፍም፤ ስለዚህ ቁም ነገር አታስይዘው ማለቱ ነው። ትምህርት ቤቶቻችን ይህን ቃል በግድግዳቸው ላይ ባይጽፉትም በየቀኑ ይፈጽሙታል።

ስለ ወንዶች ልጆች ሥነ ምግባር በተነሣ ቁጥር ሁለት ወገን እንሆናለን። አንደኛው «አለንጋው ይመለስ» ይላል። መች ሄደና! ሕጉ ቢከለክለውም ጠዋት ደወል ከተደወለ በኋላ በየትምህርት ቤቱ በር ብታልፉ አርፍዶ የተንበረከከ ልጅና አርጩሜ የያዘ ጥበቃ ማየት ብርቅ አይደለም። ሁለተኛው ወገን «መጽሐፍ ይዘጋጅ» ይላል። እርሱም ተዘጋጅቶ ነበር። የሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር ትምህርት ዐሥራ አንድ እሴቶች ነበሩት፤ ከዴሞክራሲና ከሕግ የበላይነት ጀምሮ እስከ ቁጠባና እውቀትን መሻት። በዘጠነኛ ክፍል ዐሥራ አንድ ምዕራፍ፣ በዐሥረኛ እነዚያው ዐሥራ አንድ፣ በዐሥራ አንደኛና በዐሥራ ሁለተኛም እንዲሁ። ልጁ «ኃላፊነት» የሚለውን ምዕራፍ አራት ጊዜ ተምሮ አራት ጊዜ ተፈተነበት፤ ኃላፊነት ግን አንድ ጊዜም አልተሰጠውም።

ይህ ትውልድ ነው በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ የ12ኛ ክፍል ፈተናውን በየትምህርት ቤቱ መቀመጥ የተከለከለው። ኩረጃና ስርቆት ስለ በዛ ተፈታኞች ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ተወስደው ተፈተኑ፤ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ሆኑ። አሁን በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት «ግብረ ገብ» የሚለው የቀድሞ ስም ተመልሷል። ስሙ መልካም ነው። ስም ግን ምግባር አይሆንም።

እስኪ ከግቢው ወጥተን የገጠሩን ልጅ እንመልከት። ሰባት ስምንት ዓመት ሲሞላው የቤተሰቡ ሀብት በእጁ ይገባል፤ ከብቶቹን ይዞ ይወርዳል፣ ከሰው ማሳ ይመልሳል፣ ሲመሽ ቆጥሮ ያስገባል። አንዲት ጥጃ ብትጎድል ቤቱ ሁሉ እንደሚያዝን ያውቃል። (እረኝነት ስንቱን ከትምህርት እንዳስቀረ አልዘነጋሁም፤ ላወድሰው አልመጣሁም።) ይህ ልጅ ክፍል ሲገባ ግን በስልሳ ልጆች መካከል አንድ ቁጥር ይሆናል። ቢቀር የሚጎድል ነገር የለም፤ ቢመጣ የሚሞላ የለም። ትናንት የአባቱን በሬዎች የጠበቀ ሰው ዛሬ ሽንት ቤት ለመሄድ እጁን አውጥቶ ይለምናል።

ኃላፊነት ተሰጥቷል ከተባለም የተሰጠው ለክፍል አለቃው ነው። የእርሱ ሥራ መምህሩ ሲወጣ የረባሾችን ስም መጻፍ ነው። አንዱ ጓደኞቹን አሳልፎ መስጠት ይለማመዳል፤ የቀሩት ስማቸው እንዲሰረዝ ማስቲካ መግዛት ይለማመዳሉ። ጉቦን ከዚህ የተሻለ የሚያስተምር ክፍለ ጊዜ አላውቅም።

የቆሎ ትምህርት ቤቱን ለማመስገን የምንቸኩል ብዙዎች ነን። ውሻው፣ ረኀቡ፣ የየኔታ አለንጋ ስንቱን እንዳሳለፈው እንርሳና! ከዚያ ቤት ልንወርሰው የሚገባን አንድ ነገር ነበር፤ ዳዊት የደገመው ልጅ ፊደል ለሚቆጥረው ያስቆጥራል። የኔታ ሁሉን አይደርሱበትም፤ ስለዚህ ነባሩ ጀማሪውን ይይዛል። ታናሹ ቢሳሳት የሚያፍረው ታላቁ ነው። እኛ ለአለንጋው ወራሽ ሆነን ይህን ለየኔታ ትተነው መጣን። በ1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለአንድ ዓመት ወደ ክፍላተ ሀገር እየወጡ እንዲያስተምሩ ሲደነገግም ያው አሳብ በዘመናዊ ልብስ መጥቶ ነበር፤ እርሱም አልዘለቀም።

ትምህርት ቤት ያልፈለገውን ልጅ የሚፈልገው አያጣም። የስፖርት ውርርድ ቤቱ ይፈልገዋል። በበረሃ ወደ ሳዑዲ የሚወስደው ደላላ ይፈልገዋል። ጠመንጃ የሚያስይዘውም ይፈልገዋል፤ ያውም «ያላንተ አይሆንም» እያለ። ዐሥራ ሁለት ዓመት ያህል ከመምህራኑ ያልሰማውን ቃል ከእነዚህ አፍ ሲሰማ ተከትሏቸው ቢሄድ ምን ይደንቃል?

«ስለ ወንዶች ብቻ ለምን? ሴቶቹስ?» የሚለኝ አይጠፋም። ሴቷ የተበደለችው በተቃራኒው ነው፤ ውኃ ቅጂ፣ ታናሽሽን እዘዪ፣ ወጡን አማስዪ እየተባለች ከዕድሜዋ በላይ ተሸክማለች። በትምህርት ቤትም የሴት ተማሪዎች ክበብ ይቋቋምላትና ራሷን ከጥቃት ስለ መጠበቅ ትመከራለች። በዚያው ሰዓት ወንዱ ሜዳ ላይ ኳስ ይጫወታል! ነገሩ የሚመለከተው ሳይሰማ የሚደርስባት ትሰማለች። ወንዱን ሰው ማድረግ ከእርሷ ድርሻ ላይ መቀነስ አይደለም፤ ከጫንቃዋ ላይ ማንሣት ነው።

በ2002 ዓ.ም. በተካሄደው የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ልጆች ብዙዎቹ ከቀረበላቸው ጽሑፍ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። በዚያው ግቢ፣ በዚያው ሰዓት፣ ጉልበታቸውን የሚያደርጉበት ያጡ የስምንተኛ ክፍል ወንዶች አጥር እየዘለሉ ይወጣሉ። እነዚህን ሁለቱን ማገናኘት ምን ያህል ይከብዳል? ለእያንዳንዱ ትልቅ ልጅ አንድ ትንሽ ልጅ ይሰጠው፤ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ሃያ ሃያ ደቂቃ። ስሙን ይወቅ፣ ያስነብበው፣ ሲቀር ለምን እንደ ቀረ ይጠይቅ። በዓመቱ መጨረሻ ትንሹ ማንበብ መቻሉ ከትልቁ ውጤት ጋር ይመዝገብ።

«ቢመታውስ?» ይሉኛል መምህራን። መምህር በአቅራቢያው ይኑር፤ የመታም ይጠየቅ። ግን ልብ በሉ፤ መምታትን ከየት እንደ ተማረው እናውቃለን። በጀት የለንም የሚል ርእሰ መምህር ካለም ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ያረጀ የማንበቢያ መጽሐፍና የዛፍ ጥላ ነው። መስከረም ላይ መጀመር ይቻላል።