ከንቅለ ተከላ በኋላ ያለው ጠብታ
የኢትዮጵያ የዓይን ባንክ እ.ኤ.አ. በ2003 ከተቋቋመ ወዲህ ስለ ብሌን ልገሳ ብዙ ተብሏል፤ ተገቢም ነው። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ስለሚታዘዘው ጠብታ ግን የሚነገረው ጥቂት ነው። ፕሬድኒሶሎንን የመሰሉ ስቴሮይዶች የመከላከያ ሕዋሳትን የሚቀሰቅሱ ኬሚካሎችን በመግታት፣ ሰውነት የተተከለውን ኮርኒያ እንደ ባዕድ ቆጥሮ እንዳያጠቃ ያግዛሉ። ጥቃቱ የሚከፋው በውስጠኛው ሽፋን ላይ ሲያርፍ ነው፤ እነዚያ ሕዋሳት ከሞቱ አይተኩምና። ጠብታው ለወራት፣ መጠኑ ቀስ በቀስ እየተቀነሰ፣ የሚሰጠውም ለዚሁ ነው። የዓይን ግፊትን ሊጨምር፣ የዓይን ሞራም ሊያስከትል ስለሚችል ግን ክትትል ይሻል። አዲስ አበባ ታክሞ ድሬዳዋ የሚመለስ ሰው ከሐኪሙ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። በእኔ እምነት ከመሸኘቱ በፊት ጠብታውን ከየት እንደሚያገኝ፣ ግፊቱን ማን እንደሚለካለት፣ ዓይኑ ቢቀላ ወይም ብዥ ቢልበት በዚያው ቀን ወዴት እንደሚሄድ በጽሑፍ ሊሰጠው ይገባል።