በአንድ ሪሞት የሚታዘዙ ካሜራዎችና የእኩል ቅጽበት ጥያቄ

ብዙ ካሜራዎችን በአንድ ገመድ አልባ ሪሞት ማዘዝ የፎቶግራፍ ባለሙያዎች ብቻ ሥራ መሆኑ ቀርቷል። የሯጭን አካሄድ ለሚያጠና የስፖርት ሳይንስ ተማሪ፣ የከብትን ቁመና ሳይነካ ከምስል ለመለካት ለሚሞክር የእንስሳት ሳይንስ ተመራማሪ፣ የወንዝን የገጽ ፍሰት ለሚከታተል የውኃ ምህንድስና ባለሙያ ዘዴው ርካሽና ቀላል መንገድ ነው። ሆኖም በጥናቱ የዘዴ ክፍል ውስጥ «ምስሎቹ በአንድ ጊዜ ተነሥተዋል» ተብሎ ሲጻፍ፣ ቁልፉ አንድ መሆኑ ቅጽበቱም አንድ ለመሆኑ ማስረጃ ተደርጎ ይወሰዳል። የዚህ ጽሑፍ ክርክር ግልጽ ነው፦ የቅጽበት እኩልነት የሪሞቱ ተፈጥሯዊ ባሕርይ ስላልሆነ ሊለካና በቁጥር ሊገለጽ ይገባል።

ሪሞት የሚለው ስም በአሠራር የሚለያዩ ሁለት መሣሪያዎችን ያቅፋል። አንደኛው በዓይን በማይታይ የኢንፍራሬድ ብርሃን የሚሠራ ሲሆን ከካሜራው መቀበያ ጋር ፊት ለፊት መተያየት ይሻል፤ በጠራራ ፀሐይም ይዳከማል። ካሜራዎች በአንድ ነገር ዙሪያ በተለያየ አቅጣጫ ሲቆሙ ሁሉንም በእርሱ ማዘዝ አዳጋች ነው። ሁለተኛው በሬዲዮ ሞገድ የሚሠራው ነው፤ አንድ አስተላላፊ በተመሳሳይ ቻናል ለተዘጋጁ በርካታ ተቀባዮች ትእዛዝ ይልካል፤ እያንዳንዱ ተቀባይም በአጭር ገመድ ከየካሜራው ጋር ይያያዛል። እዚህ ላይ ገና በግዢ ጊዜ ሊታሰብበት የሚገባ ጉዳይ አለ። አፍሪካንና አውሮፓን በሚያቅፈው የዓለም አቀፉ ቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት 1ኛ ክልል ለእንዲህ ዓይነት መሣሪያዎች የተለመደው የ433 ሜጋኸርዝ አካባቢ ነው፤ ለአሜሪካ ገበያ የሚመረቱት ግን ብዙ ጊዜ በሌላ ሞገድ ይሠራሉ። ስለዚህ የአንድ ፋብሪካ ምርቶች ቢሆኑም ከተለያየ ገበያ የመጡ አስተላላፊና ተቀባይ ላይግባቡ ይችላሉ።

የጊዜ ልዩነቱ ምንጭ ግን አየሩ አይደለም። የሬዲዮ ሞገድ 30 ሜትር ለመጓዝ የሚፈጅበት ጊዜ የአንድ ሚሊሴኮንድ አንድ አሥር ሺኛ ያህል ነው። መዘግየቱ የሚፈጠረው ትእዛዙ ከደረሰ በኋላ፣ በካሜራው ውስጥ ነው። ካሜራው ፎከሱን በራሱ እንዲፈልግ ከተተወ፣ አንዱ ወዲያው ሲያገኝ ሌላው ይዘገያል። ኃይል ለመቆጠብ ያንቀላፋ ካሜራ ነቅቶ እስኪዘጋጅ ድረስ ጓደኞቹ አንሥተው ይጨርሳሉ። ፎከሱ አስቀድሞ ተስተካክሎ ሁሉም ነቅተው ቢጠብቁ እንኳ፣ ከትእዛዙ እስከ ሻተሩ መከፈት ያለው ጊዜ ከሞዴል ሞዴል በአሥር የሚቆጠሩ ሚሊሴኮንዶች ሊለያይ ይችላል። በዚህ ላይ በኤሌክትሮኒክ ሻተር የሚሠሩ አብዛኞቹ ካሜራዎችና የእጅ ስልኮች ምስሉን መስመር በመስመር ስለሚያነቡ፣ በአንድ ምስል ውስጥ እንኳ የላይኛውና የታችኛው ጠርዝ ቅጽበት አንድ አይሆንም።

ይህ ልዩነት በውጤቱ ላይ ምን ያስከትላል? በሴኮንድ 6 ሜትር የሚሮጥ ሰው በ20 ሚሊሴኮንድ ውስጥ 12 ሴንቲሜትር ይጓዛል። በ1 ሜትር ተራርቀው ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ካሜራዎች በ10 ሜትር ርቀት ላይ ከፊታቸው የሚያቋርጠውን ይህን ሯጭ ቢያነሡና አንደኛው በ20 ሚሊሴኮንድ ቢዘገይ፣ ርቀቱን ከሁለቱ ምስሎች የሚያሰላው ቀመር 12 ሴንቲሜትሩን የካሜራዎቹ የእይታ ልዩነት አካል አድርጎ ይቆጥረዋል። ሯጩ ወደ ዘገየው ካሜራ አቅጣጫ የሚሄድ ከሆነ ርቀቱ 11.4 ሜትር ያህል ይሆናል፤ በተቃራኒው የሚሄድ ከሆነ ደግሞ 8.9 ሜትር ያህል። የ12 ሴንቲሜትር ስሕተት ከ1 ሜትር በላይ ሆኖ ይወጣል ማለት ነው። ሙከራውን ደጋግሞ አማካይ መውሰድም ፈውስ አይሆንም፤ መደጋገም የሚያሳሳው ወዲያና ወዲህ የሚዋዥቀውን ስሕተት ነው። አንዱ ካሜራ ዘወትር የሚዘገይ ከሆነ ግን ስሕተቱ ሁልጊዜ በአንድ ወገን ስለሚያጋድል፣ መቶ ጊዜ ቢደገምም ከአማካዩ አይወጣም።

በዚህ ክርክር ላይ ሁለት ተቃውሞዎች ሊነሡ ይችላሉ። የመጀመሪያው ጉዳዩ ሁሉንም ጥናት አይመለከትም የሚል ነው፤ እውነትም ነው። የላሊበላን ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ወይም የብራና ገጽን በምስል ለሚመዘግብ ሰው፣ የሚነሣው ነገር ስለማይንቀሳቀስ አንድን ካሜራ እያዘዋወሩ ማንሣት ይበቃል። ጥያቄው የሚነሣው የሚንቀሳቀስ ነገር ሲለካ ብቻ ነው። ሁለተኛው የአቅም ጉዳይ ነው፦ በጋራ የጊዜ ምልክት በገመድ የሚመሩ የኢንዱስትሪ ካሜራዎች ውድ ስለሆኑ፣ ተማሪው ከየቦታው በተዋሳቸው ልዩ ልዩ ካሜራዎች ከመሥራት ሌላ አማራጭ የለውም ይባላል። ይህ ግን ለክርክሩ ይበልጥ ድጋፍ ይሆናል። መሣሪያው ርካሽና የተቀላቀለ በሆነ መጠን የመለካቱ ግዴታ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም።

ልኬቱ ደግሞ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። እንደ አርዱዊኖ ባለ አነስተኛ ማይክሮኮንትሮለር 20 ትንንሽ የኤልኢዲ አምፖሎችን በሁለት ረድፍ ማብራት ይቻላል፤ የመጀመሪያዎቹ 10 በየ1 ሚሊሴኮንዱ፣ ሌሎቹ 10 በየ10 ሚሊሴኮንዱ ተራ በተራ ይበራሉ። ካሜራዎቹ ሁሉ ይህንኑ ሰሌዳ በሴኮንድ 1/1000 የሻተር ፍጥነት ሲያነሡ፣ በየምስሉ በርቶ የሚታየው አምፖል እስከ 100 ሚሊሴኮንድ ያለውን ልዩነት በቀጥታ ያስነብባል። የኮምፒዩተር ስክሪን ላይ የሚሮጥ የሰዓት ቆጣሪ ግን ለዚህ አይበቃም፤ በሴኮንድ 60 ጊዜ የሚታደስ ስክሪን ከ16.7 ሚሊሴኮንድ ያነሰ ልዩነት በአስተማማኝ ሁኔታ አያሳይም። በካሜራው ፋይል ላይ የሚመዘገበው ሰዓትም እንዲሁ ነው፤ የየካሜራው ሰዓት ለየብቻው ስለሚሄድ ሁለቱን ማነጻጸር አያስተማምንም።

ሥራው በጨለማ ክፍል ውስጥ ሊካሄድ የሚችል ከሆነ ደግሞ የተሻለ መንገድ አለ። ካሜራዎቹ ሻተራቸውን ለግማሽ ሴኮንድ እንዲከፍቱ ይደረግና፣ ሁሉም ክፍት በሆኑበት ሰዓት አንድ ፍላሽ ይበራል። የፍላሹ ብልጭታ አንድ ሚሊሴኮንድ ገደማ ወይም ከዚያ በታች ስለሚቆይ፣ ካሜራዎቹ የተከፈቱበት ጊዜ ቢለያይም ሁሉም የሚመዘግቡት ያንኑ ቅጽበት ነው። በዚህ ዘዴ ሪሞቱ ካሜራዎቹን ማስከፈት ብቻ ይሆናል ሥራው፤ ቅጽበቱን የሚወስነው ብርሃኑ ነው።

የቅጽበት ጉዳይ አዲስም አይደለም። ኤድዋርድ ማይብሪጅ በ1878 እ.ኤ.አ. በፓሎ አልቶ የሚጋልብ ፈረስን በ12 ካሜራዎች ሲያነሣ፣ የየካሜራውን ሻተር ያስነሣ የነበረው ፈረሱ በመንገዱ ላይ የተወጠሩትን ክሮች እየነካ ነበር። በዚያ ሥራ እያንዳንዱ ካሜራ መቼ እንደሚያነሣ መወሰኑ የሙከራው ዋና አካል ነበር።

ስለዚህ በብዙ ካሜራዎች የሚንቀሳቀስ ነገርን የሚለካ የድኅረ ምረቃ ጥናት በዘዴ ክፍሉ ሦስት ነገሮችን ሊያሰፍር ይገባል፦ የካሜራዎቹንና የሪሞቱን ዓይነት ከነአዘገጃጀታቸው፣ ቢያንስ ከ30 ሙከራ የተገኘውን አማካይ የጊዜ ልዩነትና ስርጭቱን፣ ልዩነቱ በሚጠናው ነገር ፍጥነት ሲባዛ የሚሰጠውን የርቀት ስሕተት። አማካሪዎችና ገምጋሚዎችም እነዚህን ሳያገኙ «በአንድ ጊዜ» የሚለውን ቃል ባያሳልፉ መልካም ነው። የግማሽ ቀን ሙከራ የሚጠይቀው ይህ ልኬት ቢዘለል፣ በወራት ድካም በተሰበሰበው መረጃ ውስጥ የታየው ልዩነት የሯጩ ይሁን የካሜራው መለየት አይቻልም።