የገመዱ ሁለት ጫፍ፦ ከጥፋት በኋላ ስላለው ዓለም ጨዋታ

ኪነ ጥበብ ከሕዝብ ኑሮ ፈልቆ፣ ተመልሶም የሕዝብን ኑሮ የሚቀርጽ ኃይል ነው እያልን ብዙ ዘመን ተከራክረናል። ስለ ልብ ወለዱ፣ ስለ ተውኔቱ፣ ስለ ዘፈኑና ስለ ሥዕሉ ያልተባለ የለም ማለት ይቻላል። ዳሩ ግን ብዙ ወጣት ሌሊቱን ሙሉ ዐይኑን ሳይከድን የሚታደምበት አንድ የፈጠራ ዘርፍ በደጃችን ሲያልፍ ወይ አላየነውም፣ ወይ አይተን እንዳላየን ሆነናል። ይኸውም የኮምፒውተር ጨዋታ ነው። ሃያሲው ዝም ባለበት መስክ ነጋዴው ብቻውን ይናገራል።

ብዕሬን ያስነሣኝ ከደብረ ማርቆስ ወደ ደምበጫ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ በምትገኘው በአማኑኤል ከተማ ያየሁት ነገር ነው። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ፣ በግጭቱም ሳቢያ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው በነበረበት ጊዜ፣ አንድ የባልደረባዬን ልጅ ከአሮጌ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ አገኘሁት። የሚጫወተው ፎልአውት የተባለውን የአሜሪካ ጨዋታ ነበር። ኢንተርኔት የማይጠይቀው ዓይነት በመሆኑ መብራት እስካለ ድረስ ከልካይ የለበትም። በኮምፒውተሩ ገጽ ላይ የተቃጠለ ከተማ፣ የተሰበረ ድልድይ፣ ወና የቀረ ትምህርት ቤት ይታያል። አንድ እንግዳ ሰው ወደ እርሱ ሲቀርብ ልጁ ጠመንጃውን አነሣ።

«ምነው? ምን አደረገህ?» አልኩት።

«ጋሼ፣ እዚህ አገር ሰው አይታመንም» አለኝ።

«የትኛው አገር?» ብለው ፈገግ አለ እንጂ አልመለሰልኝም። ይህን ጽሑፍ የወለደችው ያቺ ሳትመለስ የቀረች ጥያቄ ናት።

ጨዋታውን ላላዩት አንባብያን ጠባዩን ባጭሩ ላስረዳ። የኑክሌር ጦርነት ዓለምን አቃጥሏል፤ የተረፉት ሰዎችና ልጆቻቸው በፍርስራሹ መካከል ይኖራሉ። ተጫዋቹ እንደ ተውኔት ተመልካች ከሩቅ አይቀመጥም። የአንድ ገፀ ባሕርይን ሚና ወስዶ፣ ጠባዩንና ችሎታውን ራሱ መርጦ፣ በዚያ ሰፊ ምድር ላይ ወዳሻው አቅጣጫ ይጓዛል። ማንን እንደሚረዳ፣ ማንን እንደሚገድል፣ ማንንም እንደሚክድ የሚወስነው እርሱ ነው፤ የታሪኩም ፍጻሜ እንደ ውሳኔው ይለዋወጣል። እ.ኤ.አ. በ1997 በወጣው በመጀመሪያው ክፍል አንድ ሰው ከምድር በታች ካለ መጠለያ ወጥቶ፣ የወገኖቹ የውኃ ማጣሪያ የተበላሸበትን ዕቃ በ150 ቀናት ውስጥ ፈልጎ እንዲያመጣ ይላካል። ይሄዳል፣ ያመጣል፣ ወገኖቹን ያድናል። በመጨረሻ ግን የመጠለያው አለቃ ሌሎቹ የእርሱን ፈለግ ተከትለው እንዳይወጡ ፈርቶ በሩን ይዘጋበትና ወደ ምድረ በዳው ይመልሰዋል።

ይህን የጻፈ ሰው ከያኒ አይደለም የሚል ካለ ይምጣና ይሟገተኝ። ጨዋታው በጦርነት ነጋዴዎች ላይም በብርቱ ይሳለቃል፤ ከተማው አመድ ከሆነ በኋላ የኩባንያው ማስታወቂያ ከፍርስራሹ ግድግዳ ላይ እንደ ፈገገ ይኖራል። ሰሙን ከወርቁ ለይቶ ለሚያይ ሰው፣ በተለይም በዋሸራና በዲማ የቅኔ ጉባኤ አገር ላደገ፣ ይህ ምጸት የሚሰወር አይደለም።

ስለዚህ ጉዳይ ሲነሣ ሁለት ወገኖች ይሰማሉ፤ ሁለቱም ተሳስተዋል።

አንደኛው ወገን «ይዘጋ፣ ይከልከል፣ ልጆቻችንን አጠፋብን» የሚለው ነው። ለዚህ ወገን ታሪክ አንድ ትዝታ አላት። ሲኒማ ወደ አዲስ አበባ ሲገባ የመጀመሪያውን ማሳያ ቤት ሕዝቡ «ሰይጣን ቤት» ብሎት ነበር። ሰይጣን ቤት በተባለው ጥበብ ግን ከዚያ በኋላ የራሳችን ሰው ኃይሌ ገሪማ እ.ኤ.አ. በ1976 «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን ሠርቶ የገበሬውን ኑሮ ለዓለም አሳየ። የተወገዘው መሣሪያ በእጃችን ሲገባ ምስክራችን ሆነ። ያን ጊዜ የበሩ መዘጋት ቢሳካ ኖሮ የሚጠፋው ፈረንጁ ፊልም ሳይሆን የእኛው ነበር።

ሁለተኛው ወገን «ጨዋታ ነው፤ ጊዜ ማሳለፊያ ነው፤ ተዉት» ይላል። ይህ ከመጀመሪያው የባሰ ስንፍና ነው። ልጅን በተረት የማያሳድግ ሕዝብ የለም፤ በተረቱ ውስጥም ማን ብልህ፣ ማን ከሃዲ፣ ማን የሚታዘንለት እንደ ሆነ ሳይነገር አይቀርም። አንድ ወጣት መቶ ሰዓት የኖረበት ዓለም ስለ ሰው ልጅ ምንም ሳይነግረው ይቀራል ማለት፣ ኪነ ጥበብ ኃይል የለውም ማለት ነው። እንዲህ ካልን ደግሞ ይህን መጽሔት ማሳተም ለምን ያስፈልጋል?

እንግዲህ ፎልአውት ስለ ሰው ልጅ ምን ይላል? በምድረ በዳው የሚሠራበት ገንዘብ የጠርሙስ ቆርኪ ነው። እኛ ቆርኪን የዳማ መጫወቻ አድርገን ሁለት ሰው ፊት ለፊት አስቀምጠንበታል፤ እዚያ ግን ሰው ሰውን የሚገዛበትና የሚሸጥበት ሆኗል። ተጫዋቹ የወደቀውን ቤት ሁሉ በርብሮ ብሎኑን፣ ማንኪያውን፣ የተሰበረውን ማራገቢያ ይለቅማል። ጠመንጃ የታጠቀ ቆራሌ ነው ቢባል አይበዛበትም፤ ያውም የእኛ ቆራሌ ከደጅ ቆሞ ተጣርቶ፣ ዋጋ ተከራክሮ፣ ከፍሎ ነው የሚወስደው። እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣው በአራተኛው ክፍል መንደር መመሥረት፣ ሰብል መዝራትና ውኃ ማውጣት ተችሏል፤ ይህ ቀላል እርምጃ አይደለም። ነገር ግን ጠጋ ብላችሁ ተመልከቱ፤ ሰፋሪው ሕዝብ ተጫዋቹ ካልደረሰለት አንዲት ግድግዳ አያቆምም፣ አንድ አልጋ አይሠራም። እጅ አለው፣ ፈቃድ ግን የለውም። ታሪክን የሚሠራው አንድ ብቸኛ ጀግና ነው፤ ሌላው ሁሉ አጃቢ ነው።

ውሸቱ እዚህ ላይ ነው። ጥፋቱ ውሸት አይደለም፤ የተዋሸው ከጥፋቱ በተረፈው ሰው ላይ ነው።

ይህን የምለው ከምኞት ተነሥቼ አይደለም፤ የምሥራቅ ጎጃም ምድር ራሱ ይመሰክራል። ከሞጣ ወደ ዓባይ ሸለቆ ሲወርዱ ጎጃምን ከቤጌምድር የሚያገናኝ አንድ ጥንታዊ የድንጋይ ድልድይ ይገኛል፤ አመሠራረቱ ከዐፄ ፋሲል ዘመን ጋር ይያያዛል። በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ አርበኞች ጠላት እንዳይሻገርበት መካከሉን ሰበሩት፤ ስሙም ሰባራ ድልድይ ሆኖ ቀረ። ጠላት ሄደ፤ ስብራቱ ግን ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ሳይጠገን ቆየ። ገበያ መሄድ፣ ዘመድ መጠየቅ፣ ሕክምና መፈለግ ደግሞ አይቆምም። ስለዚህ በወዲህኛው ጫፍ ሰዎች፣ በወዲያኛውም ጫፍ ሰዎች ቆመው፣ ከሥር ዓባይ እየደነፋ፣ ተሻጋሪውን ወገቡን በገመድ አስረው ከዳር ወደ ዳር ይስቡት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ስብራቱ በብረት ተጠገነ፤ በ2005 ጎርፍ ጥገናውን ወሰደው፤ በ2009 ለእግረኛ የሚሆን ተንጠልጣይ ድልድይ ተሠራ።

አሁን ያን ገመድ አስቡት። በአሜሪካው ጨዋታ ውስጥ የተሰበረ ድልድይ የሽፍታ መደበቂያ ነው፤ የቀረበ ይመታል። በዓባይ ላይ የተሰበረው ድልድይ ግን እንግዳ ሰው ነፍሱን ለማያውቀው ሰው እጅ የሚሰጥበት ቦታ ነበር። ገመዱ ሁለት ጫፍ ነበረው፤ በአንዱ ጫፍ ብቻ የተያዘ ገመድ ማንንም አያሻግርም። ይህን ያደረጉት ቅዱሳን አልነበሩም። እንጀራቸውን የሚያበስሉ፣ ዋጋ የሚጠይቁ፣ የሚጨቃጨቁ ተራ ሰዎች ነበሩ። ተራ ሰው በፍርስራሽ ዳር የሚሠራው እንዲህ ያለውን ሥራ ነው።

ወደ ኋላ ብንሄድም ከዚህ የሚበልጥ ጥፋት እናገኛለን። እ.ኤ.አ. በ1887 በምጽዋ በኩል የገባው የከብት በሽታ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ድረስ አገሪቱን ፈጀ። በሬ አለቀ፤ በሬ ሲያልቅ እርሻ ቆመ፤ እርሻ ሲቆም ረኃብ፣ ረኃቡን ተከትሎም ወረርሽኝ መጣ። አያቶቻችን ዘመኑን «ክፉ ቀን» አሉት። ዓለም ስታልቅ ማየት ማለት ይህ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? በክፉ ቀን ዝርፊያ አልነበረም፣ ወገን ወገኑን አልሸጠም አልልም፤ ያን መካድ ታሪክን መክዳት ነው። ነገር ግን ዛሬ እዚህ ቆመን የምንነጋገረው ዝርፊያው ስላሸነፈ አይደለም። በሬ የሌለው ሕዝብ መሬቱን በመቆፈሪያ ቆፍሮ ዘርቶ፣ ያለችውን በሬ በወንፈልና በደቦ ተጋርቶ አርሶ ስለ ተረፈ ነው። ዐፄ ምኒልክም ራሳቸው መቆፈሪያ ይዘው መሬት እንደ ቆፈሩ ታሪካቸው ይነግረናል። ያ በሽታ ራሱ ከምድር ገጽ መጥፋቱ የታወጀው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው፤ ያጠፋውም ብቸኛ ጀግና ሳይሆን ስማቸው የማይታወቅ ብዙ ከታቢዎች ናቸው። ከእነርሱም መካከል በአፋር በረሃ ከአርብቶ አደሩ ከራሱ የተመለመሉት የእንስሳት ጤና ሠራተኞች ይገኙበታል።

«ይህ የእናንተ ባህል ነው፤ ጨዋታ ሌላ ነው» የሚል ተከራካሪ ቢነሣ፣ ምስክሬን ከጨዋታው ቤት ውስጥ እጠራለሁ። እ.ኤ.አ. በ2018 ኩባንያው ፎልአውት 76 የተባለውን፣ ብዙ ተጫዋቾች በኢንተርኔት የሚገናኙበትን ክፍል አወጣ። በመጀመሪያው ዘመኑ በምድሩ ላይ ከተጫዋቾቹ በቀር የሚያነጋግሩት ሰው አልነበረም፤ መገዳደልም ተፈቅዷል። ይሁን እንጂ ጨዋታው ስም ያተረፈበት አንዱ ነገር፣ የቆዩት ተጫዋቾች ለአዲስ መጪው ምግብ፣ መድኃኒትና ትጥቅ በስጦታ መስጠታቸው ነው። ደራሲው ጠመንጃ ሰጥቷቸው ነበር፤ እነርሱ ግን ሰው ሆነው ተገኙ።

እንግዲህ ምን ይደረግ? መልሱን ለማግኘት የዩክሬንን ምሳሌ ማየት ይበቃል። ሚያዝያ 18 ቀን 1978 ዓ.ም. የቼርኖቢል የኑክሌር ማብላያ ፈነዳ። በኪየቭ የተመሠረተ አንድ የጨዋታ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2007 ስቶከር የተባለውን ጨዋታ ከዚያ ከተከለከለው ምድር ላይ አቆመው። ለመነሻ የወሰደውም የስትሩጋትስኪ ወንድማማቾች በ1972 ያሳተሙትንና ታርኮቭስኪ በ1979 ወደ ፊልም የለወጠውን ልብ ወለድ ነው። ልብ ወለዱ ፊልም ሆነ፤ ፊልሙና መጽሐፉ ጨዋታ ወለዱ፤ የገዛ አገራቸው ቁስልም ቋንቋ ሆናቸው። ሁለተኛውን ክፍል አገራቸው በጦርነት ላይ ሳለች በ2024 አወጡ። የሌላ አገር ፍርስራሽ መዋስ አላስፈለጋቸውም።

እኛስ? ሙያው የለንም እንዳይባል፣ በአዲስ አበባ ቅኔ ጌምስ የተባለው ድርጅት «ኩኩሉ»ን የመሰለ የሞባይል ጨዋታ ሠርቶ አሳይቷል። ታሪክ የለንም እንዳይባል፣ ሰባራ ድልድይና ክፉ ቀን አሉ። የጎደለው መገናኘቱ ነው። ደራሲው ኮምፒውተር የሚያውቀውን ወጣት አያውቀውም፤ ወጣቱም ደራሲውን አያነበውም። በገመዱ በወዲህኛው ጫፍ እኛ ቆመናል፣ በወዲያኛው እርሱ ቆሟል፤ ገመዱ ግን መሬት ላይ ወድቋል።

ስለዚህ ካድሬው የጨዋታ ቤቱን በር ከማሸግ ይልቅ በወጣት ማእከሉ ውስጥ ሁለት ኮምፒውተር ያስገባ። መምህሩ ተማሪውን «ምን ጊዜ ታባክናለህ?» ከማለቱ በፊት አጠገቡ ተቀምጦ «ይህን ሰው ለምን ገደልከው? ባትገድለው ምን ይሆን ነበር?» ብሎ ይጠይቀው። ከዚህ የተሻለ የሥነ ጽሑፍና የግብረ ገብ ትምህርት መክፈቻ አላውቅም። ከያኒው ደግሞ ሽማግሌዎች ሳያልፉ ወደ ሞጣና ወደ ቢቸና ወርዶ የሚያስታውሱትን ይስማ፤ ለአዲሱ ጥበብ ብዕሩን ያውሰው። ይህ ለሌላ ጊዜ የሚተው ጉዳይ አይደለም፤ ፍርስራሹን ከመስኮቱ ውጭም የሚያይ ትውልድ፣ ከፍርስራሽ በኋላ ሰው እንዴት እንደሚኖር የሚማረው ከአንድ ቦታ ነው። ከእኛ ካልተማረው ከማን እንደሚማረው አይተናል።

ለዚያ ለአማኑኤሉ ልጅ በመጨረሻ የሰባራ ድልድዩን ታሪክ ነገርኩት። ጨዋታውን አቁሞ ሰማኝ። ጥቂት ዝም ካለ በኋላ «ጋሼ፣ ገመዱን የሚይዙት ሰዎች ቢለቁትስ?» አለኝ። «ሊለቁት ይችሉ ነበር» አልኩት። «እንዲህ ያለውን ብጫወት ገመዱን እኔ ነበር የምይዘው» አለ። እስከ ዛሬ ግን እንዲህ ያለውን ጨዋታ አላቀረብንለትም።